ከእሳቱ ኋላ ያለፈው ሰው

ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ከተረፉት ጥቂት ቤቶች በአንደኛው፣ ሰኞ ጠዋት የግቢው ዘበኛ አቶ ዋቅጅራ ፎቅ ላይ ሲበራ ያደረውን መብራት ሊያጠፉ ወጡና ሬሳ አገኙ።

ሟቹ ታዲዎስ ይባላል። የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ ነው። ከሸሪኩ ከማዕረግ ጋር ሆኖ መንዝ ደጋ ላይ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ማየት ለሚፈልግ እንግዳ የድንኳን ካምፕ ያስተዳድር ነበር፤ ቢሮዋቸውም ይቺው ፎቅ ናት። ከጠረጴዛው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱ ላይ ሲሆን የተመታበት የካሜራ ማቆሚያ ብረት እዚያው ወድቋል።

ኢንስፔክተር ጀማነሽ የደረሰችው አርፍዳ ነው። ስታዲየም ጋ መንገድ ተዘጋግቶባት፣ በእግሯ ብትመጣ ይሻላት ነበር፤ ነገር ግን አለቃ በእግሩ ሲሄድ ሰው ይንቀዋል ብሎ የሚያምን ሹፌር አላት። በር ላይ ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንዱ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብሎ ሲተርት ሰማች። ዕድሜዋን በምርመራ የጨረሰች ሴት ናትና እንዲህ ያለውን እንደ ሰላምታ ተቀብላ አለፈች።

"በሩ አልተሰበረም" አላት ረዳቷ ሳጅን ለሊሳ። "ራሱ ከፍቶ ነው ያስገባው። ያ ውዱ ሌንስ እዚያው ቁጭ ብሏል። የጠፋው ላፕቶፑና የካሜራ ካርዶቹ ያሉበት ሳጥን ነው።"

"ሌባ አይደለማ።"

"ሌባማ ሌንስ ትቶ ካርድ አይወስድም፣ ኢንስፔክተር።"

ሬሳውን ያየው ሐኪም ሰውየው የሞተው እሑድ ማታ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን ተናገረ። ጀማነሽ አቶ ዋቅጅራን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ከፊታቸው ቆመች።

"አባባ፣ ትናንት ማታ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?"

"ማንም። ሩቲ ብቻ። እዚሁ የምትሠራው ልጅ። አመሻሽ ላይ መጥታ ተጨቃጨቁ። 'ለቀበሮ ብለህ ልጄን ልታስርብብኝ ነው!' ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ስንት ሰዓት ወጣች?"

አዛውንቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን መመልከት ጀመሩ። መልስ ኮፍያው ውስጥ የሚፈልግ ሰው ጀማነሽ ብዙ አይታለች።

"እዚህ አልነበሩም አይደል፣ አባባ?"

"ኳስ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ወሎ ሰፈር የእህቴ ልጅ ቤት ዲሽ አለ። ግማሹን ብቻ አይቼ ልመለስ ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ተጨማሪ ሰዓት ገቡ።"

ጀማነሽ በዚያው ቀን ሩቲን አሰረቻት። ብረቱ ላይ የጣት አሻራዋ አለ፤ ወንበሩ ላይ ሻርፗ ተንጠልጥሏል፤ ጩኸቷን ሰው ሰምቷል። ከዚህ በላይ ለመያዝ ምን ይፈለጋል? የጣቢያው አዛዥም "ጎሽ!" አላት።

ሩቲ ሃያዎቹን ያላጋመሰች፣ ፋኑኤል የሚባል ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት ናት። የልጁ አባት ከወለደች በኋላ ስልኩን ቀይሮ ጠፍቷል።

"ጮኼበታለሁ፣ አልክድም" አለች። "ሰኞ የዱር እንስሳት ኃላፊዎች ጋ ስብሰባ ነበረው። ቀኑ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ የተቆረጠ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። እሑድ ማታ 'ካምፑን ራሴ አስዘጋዋለሁ' አለኝ። ማለቴ፣ እኛስ? እኔ ምን ልብላ?"

"ለምን እንደሚያስዘጋው ነገረሽ?"

"'ነገ ትሰሚያለሽ' አለኝ። በቃ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ሻርፔን እንኳ ረሳሁት። ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፌ ቤቴ ገባሁ።"

"ብረቱ ላይ አሻራሽ አለ።"

"ካሜራውን በየቀኑ የማቆመው እኔ ነኝ እኮ! አሻራዬ እዚያ ላይ ባይኖር ነበር መጠየቅ የነበረብዎት።"

"ቤትሽ ስትገቢ ማን አየሽ?"

"እናቴ።"

"ሌላ ሰው?"

"ታክሲ ሰልፍ ላይ ማን ማንን ያያል፣ ኢንስፔክተር?"

ይህን ጀማነሽም ታውቀዋለች። ሆኖም ፍርድ ቤቱ የምርመራ ጊዜ ፈቀደና ሩቲ ጣቢያ ቀረች። እናቷ እማማ ማሚት ሕፃኑን ጠዋትና ማታ አዝለው እያመጡ፣ ከዘብ ክፍሉ ጎን ያለችው አግዳሚ ላይ ታጠባዋለች። ክስ ከተመሠረተ ወደ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች፤ ልጁን ወይ ይዛው መግባት ወይ ጥላው መግባት ነው። ይህን ሩቲም፣ እማማ ማሚትም፣ ጀማነሽም ያውቁታል። ሕፃኑ ብቻ ነው የማያውቀው።

* * *

ሸሪኩ ማዕረግ ሳይጠራ በራሱ መጣ። ከመንዝ ሰኞ ከሰዓት እንደተመለሰ፣ ነገሩን መንገድ ላይ እንደሰማ ተናገረ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነው።

"እሑድ ማታ የት ነበሩ?"

"ካምፑ ውስጥ። ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ያስነዳል።"

"ስልክዎ ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው።"

"እዚያ ኔትወርክ የለም። ግን ካሜራ አለ" አለ ማዕረግ። "እሳት ከምናነድበት ቦታ ፊት ለፊት ምሰሶ ላይ ታስሯል። ሙቀት ያለው ነገር ባለፈ ቁጥር በራሱ ያነሳል፤ ቀበሮም ይሁን፣ ጅብም ይሁን፣ እኔም ልሁን። ቀንና ሰዓቱን ከሥር ይጽፋል። ካርዱን እኔ አልነካውም፤ ሰው ልከው ያውጡት።"

ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው፣ ወይም ደግሞ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው። ጀማነሽ ለጊዜው የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ለሊሳን መንዝ ላከችው።

ለሊሳ በብርድ የተላጠ አፍንጫና ካርዱን ይዞ ተመለሰ። ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው ተመለከቱት። የሌሊት ካሜራ ቀለም አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። መጀመሪያ ጥንቸል መጣ። ቀጥሎ ጅብ፣ ዓይኑ እንደ ፋኖስ እያበራ። ከዚያ ማዕረግ፤ እሳቱ ዳር ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ኩባያ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ። ከሥሩ የእሑድ ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ታዲዎስ ካዛንቺስ ውስጥ ሲሞት ሸሪኩ መንዝ ላይ ሻይ እየጠጣ ነው ማለት ነው። ከእሳቱ ኋላ ደግሞ ጋቢ የለበሰ ሰው ዱላ ይዞ ሲያልፍ ይታያል፤ ራሱ ላይ ቀጭን ነገር ታስሯል።

"የግንባር ባትሪ ነው" አለ ለሊሳ። "ሰውየው የካምፑ ጥበቃ ነው፣ ጋሽ ገብረሚካኤል። አነጋግሬያቸዋለሁ። ማዕረግ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም መጣ፣ ደክሞኛል ብሎ ድንኳኑ ገባ፣ ጠዋት ከድንኳኑ ሲወጣ አገኘሁት ነው ያሉኝ። መኪናውን ግን አውሬ እንዳይረበሽ ብሎ ከታች፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነው ያቆማት።"

"ሌላስ?"

"ሌላው ደስ አይልም። እንግዳ ቀበሮ በቅርብ እንዲያይ ማዕረግ በየማታው አጥንት ይጥል ነበር አሉ። አጥንቱን የመንደር ውሻ ለመደው። ውሾቹ በሽታ ይዘው መጡና ቀበሮዎቹ ተራ በተራ አለቁ። ታዲዎስ የሰበሰበው ፎቶ የዚህ ሳይሆን አይቀርም።"

ጀማነሽ እጆቿን አጣጥፋ አሰበችበት። ታዲዎስ ሰኞ ሊያጋልጥ የነበረው ይህን ነው፤ እሑድ ማታ የጠፉት ካርዶች የያዙትም ይህንኑ ነው። ለመግደል ከሩቲ ጩኸት የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ተገኝቷል። ችግሩ ሰውየው ሻይ ሲጠጣ ፎቶ መነሣቱ ነው።

"የካሜራ ሰዓት በእጅ ይቀየራል አይደል?"

"ይቀየራል። እኔም ጠርጥሬ ጨረቃዋን አየሁ። በፎቶው ላይ ሰማዩ ድፍን ጨለማ ነው። በዚያች እሑድም ጨረቃ የወጣችው አምሽታ ነው። ይስማማል።"

አዛዡ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ሰውየውን ተይው፤ ልጅቷን ወደ ዐቃቤ ሕግ" አለ። ለእሱ ነገሩ አለቀ።

ለጀማነሽ አላለቀላትም። በማግሥቱ ለሊሳን ጠራችው።

"ጋሽ ገብረሚካኤል ማዕረግን ማታ አየሁት አሉህ?"

"ሲመጣና ጠዋት ሲነሣ ብቻ።"

"ፎቶው ላይ ግን ከኋላው እያለፉ ነው። እሳት እየነደደ፣ አለቃቸው ተቀምጦ፣ ከዚህ እስከዚያ በር በማይሞላ ርቀት አልፈው አላየሁትም ይላሉ?"

"ረስተውት ይሆናል። ሽማግሌ ናቸው።"

"ሽማግሌ ቁልፉን ይረሳል እንጂ አለቃውን አይረሳም።"

ማዕረግን መልሳ ጠርታ ፎቶውን አሳየችው። አንዴ አየት አድርጎ "ገብረሚካኤል ነው፤ ራሱ ላይ ያለው እኔ የገዛሁለት የግንባር ባትሪ ነው" አለ። ጥሩ አለቃ ነኝ የምትል ትንሽ ኩራት ነበረችበት።

* * *

ጋሽ ገብረሚካኤልን በስልክ ለማግኘት የገበያ ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ። ኔትወርክ የሚያገኙት ወደ ገበያ ሲወጡ፣ አንድ ኮረብታ ላይ ነው። እስከዚያው ጀማነሽ በዘብ ክፍሉ በኩል ባለፈች ቁጥር ሕፃኑ ሲያለቅስ ትሰማለች። ፊት እንዲህ አያለቅስም ነበር። እማማ ማሚት አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሟት።

"ልጄ፣ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ። ያልበላች፣ ያልተኛች ሴት ከየት አምጥታ ታጠባለች?"

"ምርመራው አላለቀም፣ እማማ።"

"እሱማ አያልቅም። የሚያልቀው ሌላ ነው።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ በአንድ ቀን ያፈሰሰችውን ይኸው ስትለቅም ሰነበተች።

ስልኩ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጮኸ። ነፋሱ ከጋሽ ገብረሚካኤል ድምፅ ይበልጥ ይሰማል።

"ጋሼ፣ አቶ ማዕረግ የገዛልዎት የግንባር ባትሪ አለ?"

"አለ፤ እግዜር ይስጠው። ግን ለልጄ ሰጠኋት። ደብረ ብርሃን ተከራይታ ትማራለች፣ መብራት ሲጠፋ እንድታጠናበት ብዬ። ገና ሁዳዴ ሳይገባ ወሰደችው።"

"ከዚያ ወዲህ ሌላ አስረው ያውቃሉ?"

"እኔ? የእጅ ባትሪ አለኝ፣ እሱም ጨረቃ ስትኖር አያስፈልገኝም። ምነው፣ ጠፋ እንዴ?"

"አልጠፋም። ፋሲካን አቶ ማዕረግ የት ነበር የዋለው?"

"እዚሁ ከእኛ ጋር! በግ አርዶልን። ጥሩ በዓል ነበር።"

ጀማነሽ አመስግና ስልኩን ዘጋች። ፎቶውን ከፍታ የሰውየውን ራስ እስኪበታተን ድረስ አጎላችው። የታሰረው ነገር ፊት ለፊት አምፖል የለውም። ከጆሮው በላይ ቋጠሮ አለው፤ ከቋጠሮው የተረፉት ሁለት ጫፎች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ለሊሳ ደንግጦ ቀና አለ።

"ደብረ ብርሃን ሂድና ባትሪውን ከልጅቷ ተቀብለህ ና" አለችው። "የሰጧት መቼ እንደሆነም ቃሏን ተቀበል። የማዕረግ መኪና ደግሞ ዛሬውኑ ተይዛ ትፈተሽ።"

* * *

ማዕረግ በማግሥቱ ከሰዓት ተይዞ ሲቀርብ ጠረጴዛው ላይ የግንባር ባትሪው ነበር። ላስቲኩ ሁለት ጣት ይሰፋል።

"ያውቁታል?" አለች ጀማነሽ።

"ለገብረሚካኤል የገዛሁት ነው።"

"ከሁዳዴ በፊት ጀምሮ ያለው ደብረ ብርሃን፣ ልጃቸው ጋ ነው። እንግዲህ ፎቶው ላይ ራሳቸው ላይ ያለው ይህ አይደለም።"

"ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ? ክር ይሆናል።"

"ቄጤማ ነው።"

ማዕረግ ዓይኑን ባትሪው ላይ ተከለ።

"ካሜራዎ ቀለም ስለማያውቅ ለምለሙን ግራጫ አደረገው፤ እኔንም አታለለኝ። ካህናት ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱ የሚያድሉት፣ ምእመኑ ራሱ ላይ አስሮ የሚያመሸው ቄጤማ ነው። እሱ ደግሞ በዓመት አንድ ማታ ነው፤ ቅዳም ሹር። ጋሽ ገብረሚካኤል በዚህ ፎቶ ላይ ወደ ትንሣኤ ቅዳሴ እየሄዱ ነው፣ አቶ ማዕረግ። ታዲዎስ የሞተው ከዚያ ወር ቆይቶ ነው።"

"ቀኑ ከሥር ተጽፏል።"

"የጻፉት እርስዎ ነዎት። የስብሰባው ቀን ከፋሲካ በፊት ተቆርጧል፤ እርስዎም ያውቁታል። በቅዳም ሹር ማታ የካሜራውን ቀን ወደ ፊት፣ ወደ ስብሰባው ዋዜማ ገፍተው እሳት ዳር ተቀመጡ። ካርዱን አውጥተው ደበቁት። እሑድ አሥር ሰዓት ግድም ካምፑ ደርሰው ለሽማግሌው ታዩ፤ ያን ካርድ መልሰው ከተቱና መኪናዎ ካለችበት ወረዱ፤ አዲስ አበባ ነድተው ታዲዎስን ገደሉ፣ ሌሊቱን ተመለሱ። ጠዋት ከድንኳን ወጡ። ጨረቃዋም ብትሆን በወሯ ትመለሳለች፤ ለዚህ ነው የተስማማችው።"

ማዕረግ ባትሪውን አንሥቶ አገላበጠው፣ መልሶም አስቀመጠው።

"ብዙ ፎቶ ነበረኝ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ብቻዬን ያለሁበት። ይሄኛውን ያስቀረሁት ሰው ስላለበት ነው። ምስክር ይሆነኛል ብዬ። የዚያን ማታ ፊቴን ወደ ካሜራው አድርጌ ስለነበር ሲያልፍ ዘወር ብዬ እንኳ አላየሁትም።"

"ታዲዎስንስ?"

"እንግዳ ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ ቀበሮ ሳያይ ሲመለስ ያውቃሉ? አጥንት ብቻ ነው የጣልኩት። እንዲያልቁ አልፈለግሁም። ልለምነው ነበር የሄድኩት።"

"የሚለምን ሰው ከወር በፊት ካሜራ አያዘጋጅም።"

ለሊሳ በሩን አንኳክቶ ገባና አንዲት ትንሽ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከመኪናው ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ነው የተገኘችው። ካርዶቹ ሁሉም አሉ። ላፕቶፑን ገደል ከትቶታል፤ እነዚህን ግን ሊያጠፋቸው እጁ እምቢ ብሎታል። ማዕረግ ሳጥኗን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ቀበሮዎቹ አሁን ያሉት እዚያ ውስጥ ብቻ ነው" አለ።

ጀማነሽ ልታዝንለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

* * *

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የመፍቻ ወረቀት ግን ከእውነትም ከንጋትም ይዘገያል፤ ከአንዱ ፊርማ ወደ ሌላው ሲዞር ቀኑ መሸ። ሩቲ ከጣቢያው በር ስትወጣ እማማ ማሚት ፋኑኤልን ታቅፈው አግዳሚዋ ላይ ይጠብቋታል።

ሩቲ ወደ እነሱ ሮጠች። ልጇን ነጥቃ ወሰደችውና እዚያው ቁጭ ብላ ጡቷን አጎረሰችው። ሕፃኑ ትንሽ ሳበ፣ ተወ። እንደገና ሳበና ፊቱን ወደ አያቱ አዙሮ አለቀሰ። ሌላኛውን ሰጠችው፤ እሱንም ገፋው።

"ደርቋል" አለች ሩቲ ለእናቷ። "ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ።"

"ነይ ልጄ፣ ጡጦ ይዣለሁ። ለምዶታል እኮ አሁን" አሉ እማማ ማሚት። ከፌስታላቸው ጡጦውን ሲያወጡ ዳሰሱት። "ውይ፣ ቀዝቅዟል።"

ጀማነሽ አጠገባቸው ቆማ ነበር። የምትናገረውን ቀድማ አዘጋጅታ ነበር፤ ምርመራ እንዲህ እንደሆነ፣ መረጃው ሁሉ ወደዚያ ያመለክት እንደነበር። ሁሉንም ተወችው። አፈረች፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ አፈረች።

"ሩቲ፣ በአንድ ቀን የቸኮልኩት እኔ ነኝ" አለች። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሩቲ ቀና ብላ አየቻት። ይቅር አላለቻትም፤ አልሰደበቻትምም። የሚያለቅሰውን ልጇን ወደ ትከሻዋ አውጥታ ጀርባውን መምታት ጀመረች።

ጀማነሽ እጇን ዘረጋች። እማማ ማሚት ጥቂት አመንትተው ጡጦውን ሰጧት። ከኋላዋ የቆመው ለሊሳ "እኔ ይዤው ልሂድ፣ ኢንስፔክተር" ቢልም አልሰማችውም፤ መንገዱን ተሻግራ ወተቱን የምታሞቅበት ሙቅ ውሃ ልትለምን ፊት ለፊት ወዳለው ካፌ ገባች።